ያላመመኝ ቁርጭምጭሚት

ውድ ጽናት፣

ስለ ጤናሽ አልጠይቅሽም። ባለፈው ሳምንት የለጠፍሽውን ፎቶ አይቻለሁ፤ ደህና ነሽ፣ እንዲያውም ወፈር ብለሻል፣ ያምርብሻል። እዚህ መሐል ሜዳ ከተማ ስላለነው ግን "ሁላችንም ደህና ነን" ብዬ ልጀምርልሽ አልቻልኩም።

መልእክትሽ ደርሶኛል። በየከተማው ላሉ የፍሪስቢ አሠልጣኞች መመሪያ እያዘጋጀሽ ነው፤ ጎበዙና ጀማሪው በአንድ ውድድር፣ በአንድ ሜዳ፣ አንዱ ሌላውን ሳያስከፋ እንዴት እንደሚጫወት የሚያስተምር። የመንዙ ውድድራችን በምሳሌነት ይገባበታል። "እሙዬ፣ አንድ ገጽ ብቻ። በጀማሪነት ገብተሽ የተሰማሽን በራስሽ አንደበት። አታሳምሪው፣ ከልብሽ የመጣውን ጻፊ" ብለሻል። ገጹ ከወጣ እንግዶችሽን ይዘሽ ከፋሲካ በኋላ ትመጫለሽ፣ አዳዲስ ዲስኮችም አብረውሽ ይመጣሉ። ካልጻፍኩ ምን እንደሚሆን አልነገርሽኝም። መገመት አያቅተኝም።

እሺ፣ ሳላሳምር እጽፋለሁ። ከአንድ ገጽ ካለፈ የመዝገብ ቤት ሰው መሆኔን አስቢና ይቅር በይኝ፤ እኛ ፋይል ስንከፍት ከታችኛው ደብዳቤ ነው የምንጀምረው።

የታችኛው ደብዳቤ የእማማ አረጋሽ ግቢ ነው። አንቺ ከደብረ ብርሃን ተመድበሽ የመጣሽ የስፖርት አስተማሪ፣ እኔ ከጎንሽ ያለችውን ክፍል የተከራየሁ ሴት። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ የሮጥኩት ሚኒባስ ሊያመልጠኝ ሲል ብቻ ነው፣ እሱም ብዙ ጊዜ አምልጦኛል። አንድ ቀን ልብስ ሳሰጣ ያን ነጭ ዲስክሽን በገመዱ ላይ አሻግረሽ ወረወርሽልኝ።

"ያዢው።"

"በየት በኩል?"

"በመጣበት በኩል።"

ግንባሬን አለኝ። እማማ አረጋሽ በራቸው ላይ ቁጭ ብለው የበግ ጠጉር ይፈትሉ ነበር። "ምነው ልጆቼ፣ እህል የሌለበት ሰፌድ ይወረወራል?" አሉ። ከዚያ በኋላ ከተማው በሙሉ ጨዋታውን "ሰፌድ" አለው፣ እኛም "የሰፌድ ማኅበርተኞች" ተባልን። በሁለት ወር ውስጥ ሃያ ሰው ሆንን። አስተማሪው፣ ነርሷ፣ ከግብርና እነ ዮፍታሄ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት እነ አማከለች። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ገበያው ሲበተን፣ ከብት ተራው ጠርዝ ላይ። መጀመሪያ የበጎቹን በጠጥ እንጠርጋለን፣ ከዚያ እንጫወታለን።

ደንቡን ስታስረዪን የነበረውን ሳቅ ታስታውሻለሽ? ሰባት ለሰባት። ዲስኩን የያዘ መሮጥ አይችልም፣ ለጓደኛው ይወረውራል። ጓደኛው ሜዳው መጨረሻ ያለችው ቁራጭ ቦታ ውስጥ ከቀለበው አንድ ነጥብ። እስከዚህ ገባን። "ዳኛ የለም" ስትዪ ነው ዮፍታሄ የተነሳው፤ ያ ረጅሙ፣ የመኪና አንቴና የምትዪው።

"ያለ ዳኛ? እኛ? ጽኑዬ፣ እዚህ አገር እኮ ከነዳኛውም አልተግባባንም።"

እውነቱን ነው። ለአንድ ክንድ የድንበር መሬት ሰባት ዓመት የሚሟገት ሰው ልጆች ነን። እኔ ራሴ ጋ ከአያት ለልጅ ልጅ የተላለፈ ክርክር በመደርደሪያዬ ላይ አለ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ዮፍታሄና ከጎበዞቹ አንዷ ብርነሽ "ክንዴን መታኸኝ፣ አልመታሁሽም" ብለው ሃያ ደቂቃ ቆሙ። ምስክር ይቆጠር ተባለ። አንቺ መሐል ገብተሽ ድምፅሽን ሳታነሺ፦ "ተመትቻለሁ ካለች ተመትታለች። ቃሏን ትቀበላለህ፣ ጨዋታው ይቀጥላል። አለቀ" አልሽ።

አለቀ! ለመንዜ የሰውን ቃል ያለ ምስክር መቀበል ከሩጫው ይበልጥ ያደክማል፣ ጽናት። ግን ለመድነው። ለመድነው ብቻ አይደለም፣ ኮራንበት። ቢሮ ውስጥ ጠብ ሲነሳ "እንደ ሰፌዱ ይሁን" ማለት የጀመሩ ነበሩ። እንዲያ ዓይነት ነገር በእጅሽ ገብቶ ነበር።

ሌላው ደግሞ የደረጃው ነገር ነው፣ መመሪያሽ የሚጻፍበት። መጀመሪያ ላይ ጎበዞቹ እርስ በርስ ብቻ ነበር የሚወራወሩት። እኛ ጀማሪዎቹ ገብስ ማሳ ላይ እንደተተከለ ማስፈራሪያ እጃችንን ዘርግተን እንቆማለን። አንድ ቀን ከሜዳ ስንመለስ "እኔ የምወጣው ብርድ ለመጠጣት ነው" አልኩሽ። ቀልዴን ነበር። አንቺ አልሳቅሽም። በሳምንቱ ሦስት ባርኔጣ ይዘሽ መጣሽ። አንዱ ውስጥ የጎበዞች ስም፣ አንዱ ውስጥ የመካከለኞች፣ አንዱ ውስጥ የኛ። ቡድን በዕጣ፣ ከየባርኔጣው እኩል። ሜዳ ላይ ካሉት ሰባት ሦስቱ ሁልጊዜ ጀማሪ። ጀማሪ ሲወጣ በቦታው የሚገባው ጀማሪ ነው። አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ውጭ አደረግሽ፤ ጀማሪው ከተጎዳ ማንም ጎበዝ ሊገባለት ይችላል።

"ለምን?" አልኩሽ።

"አምበሉ ደካማ እንዳይገባበት ፈርቶ የታመመ ሰው ሜዳ ላይ እንዳያቆይ።"

"መታመሟን ማን ያያል?"

"አመመኝ ካለች አመማት። ሌላውን ሁሉ በቃል እያመንን ሕመሟን አናምንም?"

ይህን ያልሽው አንቺ ነሽ። በመመሪያሽ ውስጥ ከሌለ አስገቢው፣ የሚያምር ነገር ነው።

ጥሩውንም ልጻፍ፣ ሐቀኛ ልሁን። የመጀመሪያ ነጥቤን የቀለብኩ ቀን፣ ዲስኩ ሆዴ ላይ አርፎ በሁለት እጄ አቅፌው፣ እንደ አራስ ልጅ ይዤው ስቆም፣ ያ ሁሉ ሰው ስሜን ጠራ። በሕይወቴ ስሜን በአንድ ላይ ሲጠሩ የሰማሁት የዕቁብ ዕጣ ሲወጣልኝ ብቻ ነበር። አንቺ ከሜዳው ማዶ ሮጠሽ መጥተሽ አቅፈሽኝ "አየሽ? አየሽ?" አልሽኝ። ያየሁት አንቺን ነበር። እህት የለኝም፣ ታውቂያለሽ። ያን ዕለት አለችኝ ብዬ ቤቴ ገባሁ።

ከዚያ ካቻምና ጥር መጣ።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ የመጀመሪያው ትልቅ ውድድር። ስድስት ቡድን፣ የራሳቸውን ዕጣ አውጥተው ከራቤል ድረስ የመጡም አሉ። ዕጣው ካንቺ ጋር ጣለኝ፤ ከደስታዬ እህል አልቀመስኩም። ከአዲስ አበባ ጨዋታውን የሚያስፋፉ ሁለት እንግዶች መጥተው በርኖስ ተደርቦላቸው ዳር ተቀምጠዋል። በየክልሉ እየዞረ የሚያሠለጥን ሰው ይፈልጋሉ የሚል ወሬ ነበር። ወሬውን ያመጣሽው አንቺ ራስሽ ነሽ፣ "ማንንም አይደለም እኮ የሚያዩት" እያልሽ ጫማሽን ሦስት ጊዜ ያሰርሽውም አንቺ ነሽ።

ለዋንጫ ከራቤል ጋር ደረስን። አሥር ለአሥር፤ ቀጣዩን ነጥብ ያገባ አሸናፊ ነው። ቀትር ላይ የሚነሳው ነፋሳችን ተነስቷል። እኔ ሁለት ጊዜ ዲስክ ጥያለሁ። አንቺ ጨዋታ አስቁመሽ ክንዴን ይዘሽ ራቅ አደረግሽኝ።

"እሙዬ፣ ቁርጭምጭሚትሽ እንዴት ነው?"

"ደህና ነው።"

"ደህና ነው?"

"ምን ይሆናል?"

ወደ ዳር ተመለከትሽ። አብሬሽ አየሁ። የቡድናችን ተቀያሪ ብርነሽ፣ ከጎበዞች ባርኔጣ የወጣችው ብርነሽ፣ ሹራቧን አውልቃ ቆማለች። ቀድመሽ ነግረሻታል ማለት ነው። ከኔ በፊት ለሷ።

"ትንሽ አላመመሽም?" አልሽኝ።

"ጽናት፣ አልታመምኩም እኮ።"

"አውቃለሁ። አንዲት ነጥብ ናት። ለኔ ብለሽ።"

ለኔ ብለሽ። ልብሴን ስጪ ብትዪኝ አውልቄ የምሰጥሽ ሰው ነበርኩ። እጄን አነሳሁና "አመመኝ" አልኩ።

የራቤሉ አምበል ቴዎፍሎስ ነበር መጀመሪያ የደረሰው። ተቃራኒያችን ነው፣ ዋንጫው በእጁ ሊገባ አንድ ነጥብ ቀርቶታል። ጃኬቱን አውልቆ ጠቅልሎ ከእግሬ ሥር አደረገው። "አይዞሽ እህቴ፣ አትርገጪበት፣ ቀስ" አለኝ። ጫማዬን ራሱ ፈታልኝ። ካልሲዬ ተቀዶ ነበር፣ ያንንም አየ። ደግፎኝ ስወጣ ቡድኑ በሙሉ አጨበጨበልኝ። ብርነሽ ገባች። ሦስት ውርወራ፣ አለቀ። ዋንጫውን ወደ ሰማይ ስታነሺ እኔ በቴዎፍሎስ ጃኬት ላይ ተቀምጬ አጨበጭብ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን አታውቂውም፣ አልጠየቅሽኝምና። ውሸት እግር ሲኖረው ማነከስ አለበት። ሳምንት ሙሉ ቢሮ እያነከስኩ ገባሁ። ተላላኪዋ ፋይል እያመላለሰችልኝ፣ ኃላፊው ወንበር እየሳበልኝ። እማማ አረጋሽ ማታ ማታ ቅቤ አሙቀው ያሹኝ ነበር። "እብጠትም የለው፣ ክፉ ነው፤ ውስጥ ለውስጥ ነው የሚሄደው" ይላሉ። የእኚያ ሴት እጅ ላዬ ላይ በሆነ ቁጥር መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እል ነበር። አንቺ በወሩ ሥራውን አግኝተሽ ሄድሽ። አውቶቡስ ተራ ጆሮዬ ላይ "አንቺ ባትኖሪ አይሆንም ነበር" አልሽኝ። ሌላ ቃል ጠብቄ ነበር። ረዳቱ በሩን ዘጋው።

ሐሜት እንዳይመስልብኝ እንጂ ማንም አላወቀም ብለሽ ከሆነ የምትኖሪው፣ ተሳስተሻል። ብርነሽ አልተናገረችም፣ ይህን ለሷ ልመስክርላት። ግን መሐል ሜዳ ትንሽ ከተማ ነው። በመዝገብ ቤት ደረጃ ላይ ስወጣ አላነክስም፣ ስወርድ አነክሳለሁ፤ ሰው ዓይን አለው። ክረምቱ ሳይገባ ስሜ አነጋገር ሆነ። አምበል ጀማሪውን ማስወጣት ሲፈልግ "እመቤትን ሁኚ" ይላል። መጀመሪያ የሰማሁት ከኋላዬ ነው፤ ዞር ስል ሁሉም ጫማውን ያያል።

አምና ጥር ሁለተኛው ውድድር ተደረገ፣ እኔን አምበል አደረጉኝ። ባርኔጣዎቹ አሉ፣ ደንቡ አለ፣ አንዲት ፊደል አልጎደለችም። ጨዋታው ግን ሲጠብ፣ ስምንት ለስምንት ሲሆን፣ ጀማሪዎቹ ነፋስ እንደመታው ገብስ ይተኛሉ። አንዷ ጉልበቷን፣ አንዱ ወገቡን። በቦታቸው ጎበዝ ይገባል። መጀመሪያ ላይ ያፍሩ ነበር፣ ቀትር ላይ ማፈሩ ቀረ። አንዱ አስተማሪ የያዘው የትኛውን እግሩን እንደሆነ ረስቶ ሌላውን ይዞ ወጣ። ዮፍታሄ "የከተማውን ወጌሻ ስፖንሰር ብናደርገው ይሻላል" አለ። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅኩ።

አንዲት ሰው ብቻ እምቢ አለች። የኔ ቡድን ጀማሪ አማከለች፤ ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠራው ቀጭኗ ልጅ። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ቅዳሜ ማታ ሁለት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ አባቷ ቤት የምትገባ። ሁለት ጊዜ "ውጪ፣ አመመኝ በይ" አልኳት። አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኳት፤ ካንቺ የተማርኩትን። "ካላመመኝ እንዴት አመመኝ እላለሁ?" አለችኝ። ጥያቄ መስሏት ነው የጠየቀችኝ፣ ልትሰድበኝ አይደለም።

ሦስተኛው ጨዋታ ላይ አንድ ነጥብ እየመራን ነበር፣ ነፋሱም በጀርባችን ነበር። ጨዋታው እንዲቆም አልፈለግሁም። አማከለች ዲስክ ልትቀልብ ዘላ ስትወርድ ከብት የተቸከለበት ጉድጓድ ውስጥ እግሯ ገባ። ተቀመጠች። አልጮኸችም። ፊቷ አመድ መሰለ። "አመመኝ" አለች።

ከወዲያ ማዶ አንዱ አጨበጨበ፣ ያ የፌዝ ጭብጨባ። ዮፍታሄ "ይቺም ሠለጠነች" አለ። ሰዉ ሳቀ። እኔ ደግሞ፣ ጽናት፣ አምበሏ፣ አጠገቧ ቆሜ ፈገግ ብዬ እንዲህ አልኳት፦

"ተነሺ አማኬ፣ ይቺን ሕመም እንኳ እኔ ነኝ የፈጠርኳት።"

ሳቁ ጨመረ። ጥሩ ቀልድ ነበራ። እሷም ተነሳች። በዚያ እግሯ አራት ነጥብ ተጫወተች። ስትሮጥ ከንፈሯን ነክሳ እንደነበር አይቻለሁ፤ ታስመስላለች አልኩ። ሲያልቅ ነጠላዋን አነሳችና ሁለት ሰዓቱን መንገድ በእግሯ ሄደች። አንድም ሰው "ልሸኝሽ" አላላትም።

ሰኞ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ዝግ ነበር። ማክሰኞም። ረቡዕ ነው የሰማሁት፣ ወጌሻ አስሮታል አሉ። ተዘግቶ የከረመው መንገድ በተከፈተ ጊዜ ደብረ ብርሃን ወሰድናት። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ ብርሃኑ ይዞ ብዙ ካየ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ "በዚህ እግር ነው የተጫወትሽው?" አጥንቱ ተጣሞ ገጥሟል። ይኸው ዓመት አለፈው፣ በዱላ ነው የምትሄደው።

ከዚያ ውድድሩ ሞተ። ማንም አልዘጋውም። መጀመሪያ ጀማሪዎቹ ቀሩ። ከዚያ መካከለኞቹ፤ እነሱ ተራው ወደነሱ መውረዱ ገብቷቸዋል። ጎበዞቹ ለጥቂት ቅዳሜ እርስ በርስ ተወራውረው ሰለቻቸው። በላክሽልኝ የመመሪያው ረቂቅ ላይ "እስከ ዛሬ በየዓመቱ በድምቀት ይካሄዳል" የምትለውን መስመር አርሚያት።

ረቂቁን ካነሳሁ አይቀር ስለ ፎቶው ልበል። ከዚያ ሁሉ ፎቶ መርጠሽ የላክሽልኝ እኔ በቴዎፍሎስ ጃኬት ላይ ተቀምጬ ያለሁበትን ነው። ከሥሩ "የተጎዳች ጀማሪ በተቃራኒ ቡድን አምበል ስትረዳ፤ የጨዋታው መንፈስ" ብለሻል። ስትጽፊው ምን ተሰማሽ ብዬ ብዙ አሰብኩ። መጨረሻ ላይ የደረስኩበት ይበልጥ ያመኛል፤ ምንም አልተሰማሽም። ረስተሽዋል። ለኔ ሁለት ዓመት የሆነብኝ ላንቺ አንዲት ነጥብ ነበረች፣ እንደተናገርሽውም።

እኔ ደግሞ ካንቺ የተሻልኩ እንዳይመስልሽ። ዓመት ሙሉ በዚያ ፎቶ ኮፒ ቤት በር አልፌያለሁ፣ የቢሮውን ወረቀት ሌላ ሰው ልኬ እያስባዛሁ። የዛሬ ሁለት ወር መልእክትሽ ሲመጣ ነው ገጼን ጽፌ ይዤላት የገባሁት። ከማሽኑ ኋላ ተቀምጣለች፣ ዱላው ግድግዳ ተደግፏል።

"ስንት ኮፒ?" አለችኝ።

"ለማስባዛት አይደለም። እንድታነቢው ነው።"

ቀስ ብላ አነበበች። ደንበኛ ገባ፣ መታወቂያውን አባዛችለት፣ ሄደ፣ ካቆመችበት ቀጠለች። ጨርሳ ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳረፈች።

"'አንዲት ጀማሪ ተጫዋች' ይላል። እኔ ነኝ?"

"አዎ።"

"ስም የለኝም?"

"እንዳላሳፍርሽ ብዬ..."

"እግሬን እንጂ ስሜን አልሰበርኩም። ከነአባቴ ጻፊው።"

አማከለች ኃይለመስቀል። ይኸው ጽፌዋለሁ፤ መመሪያሽ ውስጥ ከገባ እንዲሁ ይግባ።

ይቅርታ ጠየቅኳት። እንዴት እንደጠየቅኳት አልጽፍልሽም፣ የሁለታችን ነው። የማሽኑን መክደኛ ከፍታ መስታወቱን ወለወለች። በኋላ፣ እኔ ልወጣ ስነሳ፣ ከጀርባዬ "ግን ደንቡ ነው የተበላሸው" አለች።

"ደንቡማ ጥሩ ነበር፣ እኛ ነን እንጂ።"

"ደካማዋ ስትወጣ ጎበዝ ይገባል አላችሁ። ታዲያ ማነው እንድትቆም የሚፈልገው? አባቴ የጋራውን የሣር ቦታ፣ ጓሳን፣ ከሚጠብቁት አንዱ ነው። ጓሳ ሲዘጋ ለሁሉም ይዘጋል፤ ባለ መቶ በጉም ባለ አምስት በጉም እኩል ይወጣል። ለባለ መቶው ቢከፈት ኖሮ ሣር የሚባል ነገር አይኖርም ነበር ይላል።"

"እና?"

"እናማ ጀማሪዋ አመመኝ ስትል የቡድኗ ጎበዝም አብሯት ይውጣ። በሁለቱም ቦታ ጀማሪ ይግባ። ያኔ ማን ነው ታመሚ የሚላት?"

"የእውነት ያመማት እንደሆነስ?"

"የእውነት ካመማትማ የሚደግፋት ሰው አብሯት ወጣ ማለት ነዋ።"

ጽናት፣ ስንት ስብሰባ፣ ስንት ሥልጠና እንደወሰድሽ አላውቅም። መመሪያሽ የሚፈልገው ገጽ ይህ ነው። ከፎቶ ኮፒ ማሽን ኋላ ነው የተጻፈው።

የካቲት ላይ ሞከርነው። የመጣው አሥራ ስምንት ሰው ብቻ ነው። ዮፍታሄ ደንቡ ሲነበብ "ለሰው እግር ብዬ እኔ አልቀመጥም" ብሎ ሄደ፣ ሌሎች ሦስት ጎበዞችም ተከተሉት። የቀረነው በየቡድኑ አምስት ሆነን ጀመርን። ያሉን ዲስኮች ሦስት ናቸው፣ አንዱ ተሰንጥቋል፣ ሲበር ያፏጫል። ዋንጫ የለም። አማከለች ዳር በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነጥብ ትይዛለች።

ነጥቡ አምስት ለአምስት ሲሆን ሲና የምትባል አዲስ ጀማሪ ወደቀች። "አመመኝ" አለች። ማንም ማንንም አላየም፣ ሁሉም ዳር ያለውን በርጩማ ነበር የፈራው። ከዚያ ብርነሽ፣ ያቺው ብርነሽ፣ ያኔ ሹራቧን አውልቃ የጠበቀችው፣ ማንም ሳይነግራት ሄደች። ክንዷን በሲና ብብት አስገብታ አነሳቻት፣ ይዛት ወጣች፣ አጠገቧ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። ቡድናቸው ተሸነፈ። ብርነሽ ተነስታ አልገባችም፤ የሲናን ጫማ ይዛ እስከ መጨረሻው ተቀምጣ ነበር።

አንቺ ትዝ አልሽኝ። ያ ደንብ ካቻምና ኖሮ ቢሆን እኔ "አመመኝ" ስል አብሮኝ የሚወጣው የቡድኑ ጎበዝ አንቺ ነበርሽ። ዋንጫው ወደ ራቤል ይሄድ ነበር። እንግዶቹ በርኖሱን መልሰው ወደ አገራቸው ይገቡ ነበር፣ አንቺም ምናልባት ዛሬ ድረስ እማማ አረጋሽ ግቢ ትኖሪ ነበር፣ ምናልባትም ጠልተሽኝ። ያንን ሁሉ አሰብኩት። ግን መሬት ላይ ከጎኔ ትቀመጪ ነበር። ደንብ እስኪያስገድድሽ መጠበቅ ነበረብሽ ወይ የሚለውን ራስሽ መልሺው።

ገጹ ይህ ነው። ካተምሽው እንዳለ አትሚው፣ ፎቶውን አውጪው። ካላተምሽው ዲስኮቹም ይቅሩ፤ የተሰነጠቀውን በፕላስተር እያሰርን እንጫወታለን። እንግዶችሽን ይዘሽ አትምጪ። ብቻሽን የምትመጪ ከሆነ ግን ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ ገበያው ሲበተን። ስምሽን የጀማሪዎች ባርኔጣ ውስጥ እከተዋለሁ።

እመቤት
መሐል ሜዳ

ግልባጭ፦
ለአማከለች ኃይለመስቀል
ለራቤል ቡድን አምበል ለአቶ ቴዎፍሎስ፣ ከይቅርታ ጋር